ጤፍ እየበላሁ ለምን ይደክመኛል?

«ዶክተር፣ በቀን ሁለቴ እንጀራ እበላለሁ፤ ጤፍ ደግሞ ብረት አለው። ድካሙ ከየት መጣ?» ይህ ጥያቄ በውስጥ መስመር ስለበዛብኝ እዚሁ ልመልስ።

ጤፍ ብረት አለው፤ እውነት ነው። ግን የበላነው ብረት ሁሉ ወደ ደማችን አይገባም። ብረት በዋናነት ወደ ሰውነት የሚገባው በትንሹ አንጀት መጀመሪያ ክፍል ሲሆን፣ በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት አስሮ ያስቀረዋል። ሊጥ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። ስለዚህ እናቶቻችን ሊጡን ሁለት ሦስት ቀን ማቆየታቸው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ አታሳጥሩት።

ከምሳ በኋላ ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይም ብረቱን ያስቀራል። ቡና ተዉ አልልም፤ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት። ምስር ወጡ ላይ ሎሚ ጨምቁበት፣ ቃሪያና ቲማቲም አቅርቡ፤ ቫይታሚን ሲ ያግዛል።

አንዳንዴ ችግሩ ምግቡ አይደለም። ደም የሚመጥ የአንጀት ትል፣ ኤች ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ፣ የበዛ የወር አበባ ብረት ያሳጣሉ።

ድካሙ ሳምንታት ከቆየ፣ «ግሉኮስ ይተከልልኝ» ከማለታችሁ በፊት ሄሞግሎቢንና ፌሪቲን (የተከማቸ ብረት መለኪያ) ተመርመሩ። የብረት ክኒንም ሳትመረመሩ አትጀምሩ። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።