ከ96 ሜትር ርቀት የሚታይ ባቡር

በሞዴል ሠሪው ጠረጴዛ ላይ 10 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ቆሟል። ከእርሳስ ያጥራል፤ ጭስ ማውጫው፣ የሾፌሩ ክፍልና ጎማዎቹን የሚያያይዘው ቢየላ ግን ሁሉም በየቦታቸው አሉ። እውነተኛው ሎኮሞቲቭ 16 ሜትር ይረዝማል፤ ይህኛው 160 ጊዜ የተቀነሰ ነው። ሠሪው ቀጭን ሽቦ በወረንጦ ይዞ ያመነታል፦ ይህንንም ልጨምር ወይስ ይብቃኝ? ትንንሽ ባቡር የሚሠራ ሁሉ ይህ ጥያቄ ያጋጥመዋል።

ይህ መጠን «ኤን» ይባላል። በሐዲዱ ሁለት ብረቶች መካከል ያለው ክፍተት 9 ሚሊሜትር ነው፤ ዘጠኝ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛም፣ በጀርመንኛም፣ በፈረንሳይኛም የሚጀምረው በዚሁ ፊደል ስለሆነ ስሙ ከዚያ መጣ። የኑረምበርጉ አርኖልድ ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ለገበያ አወጣው፤ የጃፓኑ ካቶ በ1965 ተከተለ። በ1972 ደግሞ የጀርመኑ ሜርክሊን ከዚህም ያነሰውን «ዜድ»ን አመጣ፤ 220 ጊዜ የተቀነሰና 6.5 ሚሊሜትር ሐዲድ ያለው ነው።

ስሌቱ የእኛንም ባቡር ይነካል። የአዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ሐዲድ ስፋት 1435 ሚሊሜትር ነው፤ ለ160 ሲካፈል 9 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚሆን በ«ኤን» ሐዲድ ላይ ልክ ይገጥማል። ከአዲስ አበባው ለገሃር ጣቢያ በድሬዳዋ በኩል ይመላለስ የነበረው የቀድሞው ባቡር ሐዲድ ግን 1 ሜትር ስፋት ነበረው፤ ተካፍሎ 6.25 ሚሊሜትር ይወጣዋል። ስለዚህ የለገሃርን ባቡር በዚህ መጠን መሥራት የሚሻ ሰው አካሉን በ«ኤን» ልክ ሠርቶ በ«ዜድ» ሐዲድ ላይ ያቆመዋል።

ታዲያ ምን ያህል ዝርዝር ይበቃል? ይህን የሚወስነው ርቀት ነው። ሞዴሉን ከ60 ሴንቲሜትር ላይ የሚያይ ሰው፣ በ160 ሲባዛ፣ ከእውነተኛው ባቡር 96 ሜትር ርቆ እንደቆመ ይቆጠራል። ለገሃር ላይ ሎኮሞቲቩን በ2 ሜትር ርቀት ያየ መንገደኛ ያንኑ በሞዴሉ ላይ ላግኝ ቢል ዓይኑን 1.25 ሴንቲሜትር ድረስ ማስጠጋት ይኖርበታል፤ በዚያ ቅርበት ደግሞ ዓይን አጥርቶ አያይም።

ጤነኛ ዓይን ከ60 ሴንቲሜትር ላይ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው 0.17 ሚሊሜትር ያህል ሲራራቁ ነው። 25 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የሪቬት ራስ በሞዴሉ 0.16 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። የሪቬቶቹ ረድፍ እንደ ሻካራ መስመር ቢታይ ነው እንጂ የእያንዳንዱ ክብነት አይለይም። እንዲታይ ተብሎ ከተጋነነ ደግሞ ሎኮሞቲቩ ኩፍኝ የወጣበት ይመስላል።

ቀጭን መስመር ግን ከነጥብ ይለያል። የስልክ ሽቦ ሰማይ ላይ ሲሆን ከሩቅ እንደሚታየን ሁሉ፣ ከጀርባው ብርሃን ያለው ሽቦ በጣም ቢቀጥንም ዓይን አይስተውም። ከቦይለሩ ጎን የሚዘረጋው የእጅ መያዣ ጥሩ ምሳሌ ነው። እውነተኛው 32 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው በሞዴሉ 0.2 ሚሊሜትር ይሆናል። ከአካሉ ጋር አብሮ የተቀረጸና 0.5 ሚሊሜትር የወፈረ የፕላስቲክ መያዣ በእውነተኛው ልክ 80 ሚሊሜትር ነው፤ የትኛውም ሾፌር በቅጡ አይጨብጠውም። ስለዚህ ጥንቁቅ ሠሪ ፕላስቲኩን ልጦ ያነሳል፣ በቀጭን ፑንታ በእጁ እያዞረ ይበሳል፣ ሽቦውን ያስገባል። ትልቁ ትርፍ በሽቦውና በቦይለሩ መካከል ብርሃን ማለፉ ነው። በዚያች ክፍተት ሎኮሞቲቩ ነፍስ ይዘራል።

ቀለምም እንዲሁ ስሌት ይፈልጋል። 0.05 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀለም በእውነተኛው ልክ 8 ሚሊሜትር ነው፤ የበሩን ጠርዝና የመስኮቱን ክፈፍ ይደፍናል። በስሱ የተረጨ ቀለም፣ በየስንጥቁ የገባ የቀጠነ ጥቁር ቀለም፣ ከጎማው በላይ የተነሰነሰ አቧራ መሰል ዱቄት ከሃምሳ ተለጣፊ ዕቃ የበለጠ ይሠራሉ፤ በትንሽ አካል ላይ ጥላ ስለሚሳሳ ሠሪው ያግዘዋል።

ሆን ተብሎ ሳይታረም የሚተው ነገርም አለ። የእውነተኛ ጎማ ጠርዝ ከሐዲዱ በታች 28 ሚሊሜትር ገደማ ይወርዳል፤ በሞዴሉ 0.2 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። በዚያ ልክ ቢሠራ በጥቂቱ በተዛባ ሐዲድ ላይ ከመስመሩ ይወጣ ነበር፤ ስለዚህ አምራቾች ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሜትር ያደርሱታል። ከጎማው አጠገብ የሚጨመር የፍሬን ቱቦም ኩርባ ላይ ጎማውን ከነካ ባቡሩን ያቆመዋል። የመስታወት ሣጥን ውስጥ ለሚቆም ሎኮሞቲቭና በየቀኑ በእጅ ለሚነሳው አንድ ዓይነት ልክ አይሠራም።

ስለዚህ በጠረጴዛው ዙሪያ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ የአካሉ ቅርጽ፣ ቀጥሎ ብርሃን የሚያሳልፈው ክፍተት፣ ከዚያ ጥላና ቀለም። ሠሪው በወረንጦ የያዘውን ሽቦ በቦታው አስደግፎ ሎኮሞቲቩን ሐዲዱ ላይ ያቆማል፣ አንድ ክንድ ያህል ወደኋላ ይልና ያያል። ከታየው ያጣብቀዋል፤ ካልታየው ወደ ሣጥኑ ይመልሰዋል።