ተስማሚነትና ተናባቢነት፦ አሮጌ ጽሑፍን ወደ አዲስ ሥርዓተ ክወና ስለ ማዛወር

አንድ ፕሮግራም ወይም አንድ ሰነድ ከአንድ ኮምፒዩተር ወደ ሌላ ሲዛወር ያለ እንከን ማገልገሉን ለመግለጽ በአማርኛ ሦስት ስያሜዎች ሲሠራባቸው እናያለን። እነዚህም ተስማሚነት፣ ተኳኋኝነትና ተናባቢነት ናቸው። ሦስቱም ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል አቻ ሆነው የቀረቡ ስለ ሆነ አንዱ ተመርጦ ሌሎቹ ይቅሩ የሚል ሐሳብ በየጊዜው ይነሣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን በባዕዱ ቃል ሥር ሁለት የተለያዩ ችግሮች መኖራቸውን ማስረዳትና ለእያንዳንዳቸው የተለየ ስያሜ እንደሚያስፈልግ ማመልከት ነው። ሁለቱን ችግሮች በአንድ ስም መጥራት ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ለማሳየትም ከዕለት ተዕለት ሥራ እንነሣለን።

1. ችግሩ በተግባር

በጎንደር ከተማ ፒያሳ የሚባለው ሠፈር፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የተሠሩት ሕንፃዎች የሚታዩበት የከተማው እምብርት ነው። እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ በዚህም ማመልከቻ፣ ውልና የጥሪ ወረቀት በኮምፒዩተር የሚጽፉ ሱቆች ይገኛሉ። አንድ ደንበኛ ከ20 ዓመት በፊት የተጻፈ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ በፍላሽ ይዞ መጣ እንበል። ሰነዱ በአዲሱ ኮምፒዩተር ሲከፈት ከአማርኛው ፊደል አንድም አይታይም፤ ገጹ በላቲን ፊደላትና ትርጉም በሌላቸው ምልክቶች ተሞልቶ ይገኛል። በዚህ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «ቫይረስ በልቶታል» የሚል ነው። ደንበኛውም ይህን ሲሰማ ሰነዱን ይሰርዘዋል፤ ወይም ከወረቀት ቅጂ እንደገና ያስጽፈዋል፤ የወረቀት ቅጂ ከሌለው ደግሞ እንደ ጠፋ ይቈጥረዋል።

ፍርዱ ግን ስሕተት ነው። ሰነዱ አልተበላም፤ ከጽሑፉም አንድ ፊደል አልጎደለም። የጎደለው መፍቻው ነው። እኛም በኮምፒዩተር ተጽፈው የቈዩ የቃላት ዝርዝሮች እጃችን ሲገቡ ይኸው ገጥሞናል። ከሰሜን ጎንደር ደጋ የተሰበሰቡ የዕፅዋት፣ የሣርና የመሬት አቀማመጥ ስሞች በተመሳሳይ መልክ ተሸፍነው አገኘናቸው። ቃላቱን የነገሩን ሽማግሌዎች ሁሉ ዛሬ በሕይወት ስለማይገኙ፣ ዝርዝሩ ቢሰረዝ ኖሮ ተመልሶ የሚጠየቅ ሰው ባልተገኘ ነበር።

2. የችግሩ ምንጭ

ኮምፒዩተር ፊደልን በመልኩ አያውቀውም፤ የሚያውቀው በቍጥር ነው። በቀድሞው አሠራር ለአንድ ፊደል የሚሰጠው ቦታ ከ256 ቍጥሮች የሚበልጥ አልነበረም። ከእነዚህም የመጀመሪያዎቹ 32 ለማሽኑ ትእዛዝ የተመደቡ ስለ ሆነ ለጽሑፍ የሚቀረው ከ224 አይበልጥም። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ ሆሄያት በሰባቱ ድምፆች ሲባዙ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎች፣ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ደግሞ ከ300 ያልፋል።

ስለዚህ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋሉት የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች ይህን ጥበት በልዩ ልዩ ዘዴ ተወጡት። ከእነርሱም መካከል አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝና ዋሽራ በብዙ አንባብያን ዘንድ የታወቁ ናቸው። አንደኛው ዘዴ ፊደሉን በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ቅርጸ ፊደሎች መካፈል ነበር። ሁለተኛው፣ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ያደርገው እንደ ነበረው፣ የፊደሉን አካልና የድምፁን ምልክት ለየብቻ አስቀምጦ በገጹ ላይ ማገጣጠም ነበር። በሁለቱም ዘዴዎች የግዕዙ ፊደል የተቀመጠው በላቲኑ ፊደል ወንበር ላይ ነው። ለምሳሌ 65 ቍጥር የላቲኑ ትልቁ «ኤ» ቦታ ነው፤ አንዱ ፕሮግራም በዚህ ቦታ አንድ ፊደል ሲያኖር ሌላው ሌላ ያኖርበታል። ቅርጸ ፊደሉ በኮምፒዩተሩ ላይ ካለ አንባቢው አማርኛ ያያል፤ ከሌለ ግን የወንበሩ ባለቤት የሆነው ላቲን ብቅ ይላል። በፒያሳው ሱቅ የታየውም ይኸው ነው።

መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 የዩኒኮድ 3.0 እትም ለኢትዮጵያ ፊደል የራሱን ቦታ በሰጠው ጊዜ ነው። በዚያ እትም 345 ምልክቶች ተመዘገቡ፤ በኋለኞቹ እትሞችም ለሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨምረዋል። በዚህ ሥርዓት «ሀ» 4608፣ «ለ» 4616፣ «ሐ» 4624፣ «መ» 4632 ነው፤ እያንዳንዱ ሆሄ ስምንት ስምንት ቦታ ይዞ በሀለሐመ ተራ ይቀጥላል። «ሰላም» የሚለው ቃል በማንኛውም ቅርጸ ፊደል ቢጻፍ 4656፣ 4619፣ 4637 ነው። ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በቀድሞዎቹ ፕሮግራሞች ቃላትን በፊደል ተራ አሰልፍ ቢባል ኮምፒዩተሩ የሚያሰልፈው በላቲኑ ተራ ነበርና።

3. ፕሮግራሙ ስለማይሠራበት ምክንያት

ከላይ የተገለጸው የጽሑፉ ችግር ነው። የፕሮግራሙ ችግር ሌላ ነው። ሥርዓተ ክወና የምንለው፣ ዊንዶውስን የመሰለው ሶፍትዌር፣ በማሽኑና በሌሎቹ ፕሮግራሞች መካከል ቆሞ ሥራን የሚያከናውን ነው። አሮጌው የግዕዝ ፕሮግራም የተሠራው ለዘመኑ ሥርዓተ ክወና ሲሆን፣ በተለይ የቍልፍ ገበታውን መልእክት በመንገድ ጠልፎ ወደ ግዕዝ የሚለውጥበት አሠራር ከዚያ ሥርዓት ጋር በጥብቅ የተያያዘ ነው። ሥርዓቱ ሲለወጥ መጥለፊያው መንገድ ይዘጋል። ከዚህም በላይ ለባለ 16 ቢት ዘመን የተሠሩ ፕሮግራሞች በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ፈጽሞ አይሠሩም፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ የሚገኘው በባለ 64 ቢት ብቻ ነው።

በአሮጌው ሥርዓት ጸንቶ መኖርም አይመከርም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን የጥበቃ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አቋርጧል። ስለዚህ የአሮጌ ፕሮግራም ባለቤት ሦስት አማራጭ አለው። የመጀመሪያው በፕሮግራሙ ባሕርያት ዝርዝር ውስጥ ያለውን ምርጫ ተጠቅሞ ፕሮግራሙ በቀድሞው የዊንዶውስ እትም ላይ እንዳለ ሆኖ እንዲሠራ መሞከር ነው። ሁለተኛው በአዲሱ ኮምፒዩተር ውስጥ አሮጌውን ሥርዓት የሚያስተናግድ ምናባዊ ኮምፒዩተር ማቋቋም ነው። ሦስተኛው አሮጌውን ማሽን ከኢንተርኔት አለያይቶ ለዚሁ ሥራ ብቻ ማቈየት ነው። ሦስቱም ጊዜያዊ ማስታገሻዎች ናቸው። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ፣ የአማርኛ ቍልፍ ገበታና ኒያላ የተባለ ቅርጸ ፊደል ይዞ ስለሚመጣ፣ ለአዲስ ጽሑፍ አሮጌው ፕሮግራም የግድ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ ማነጻጸሪያ እንጨምር። በዊንዶውስ 10 ኒያላ በተጨማሪነት የሚጫን ሆኖ፣ ለግዕዝ ፊደል የተመደበው ኤብሪማ የተባለው ቅርጽ ነው። በኒያላ የተጻፈ ሰነድ ኒያላ በሌለበት ሲከፈት የፊደሉ መልክና የመስመሩ ርዝመት ይለወጣል እንጂ ንባቡ አይለወጥም። ቅርጸ ፊደል ሲጠፋ የዩኒኮድ ጽሑፍ ልብሱን ይቀይራል፤ የአሮጌው ጽሑፍ ግን ፊቱ ይሰወራል።

4. ጽሑፉን ስለ ማዛወር

ጽሑፉን ለማዳን የሚከተሉት ነጥቦች በተራ ሊጠበቁ ይገባል።

ሀ) ዋናው ሰነድ አይነካ። ሥራው ሁሉ በግልባጩ ላይ ይሁን፤ ዋናውም በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ።

ለ) የቅርጸ ፊደሉ ስም ይታወቅ። ቅርጸ ፊደሉ በኮምፒዩተሩ ላይ ባይኖርም እንኳ ስሙ በሰነዱ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ያው ቅርጸ ፊደል ተፈልጎ ሲጫን አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ ወዲያው ይነበባል። ይህ ግን መድኃኒትነቱ ለዓይን ብቻ ነው፤ ቃል ለመፈለግም ሆነ በፊደል ተራ ለማሰለፍ አይረዳም።

ሐ) ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ። ይህም የአሮጌውን ቍጥር ከአዲሱ ጋር በሚያዛምድ ሠንጠረዥ ይከናወናል። ለውጡ ከመደረጉ በፊት ሰነዱን ቅርጹን አስጥሎ ባዶ ጽሑፍ ማድረግ ከባድ ስሕተት ነው። የትኛው ክፍል አማርኛ፣ የትኛው እንግሊዝኛ እንደ ሆነ የሚለየው የቅርጸ ፊደሉ ስም ብቻ በመሆኑ፣ ስሙ ከጠፋ እንግሊዝኛውም አብሮ ወደ ግዕዝ ፊደል ይለወጣል።

መ) ጥንዶቹ ከነጠላዎቹ ይቅደሙ። በሁለት ቍጥር የተገጣጠሙት ፊደላት አስቀድመው ካልተለወጡ አካሉ ብቻውን ይለወጥና ምልክቱ ሜዳ ላይ ይቀራል። በሰሜን ተራሮች የታወቀው ሣር «ጓሳ» በአንደኛው ዝርዝር ውስጥ «ገሳ» ሆኖ ያገኘነው በዚህ ምክንያት ነው፤ እንግዳውን ምልክት አንድ ሰው እንደ ቈሻሻ ቈጥሮ ደምስሶት ነበር። «ቋራ» እና «ጯሂት» የሚሉት የአገር ስሞችም ለዚሁ አደጋ የተጋለጡ ናቸው።

ሠ) በዝውውሩ ጊዜ ፊደል አይታረም። ሞክሼ ፊደላትን አንድ የሚያደርግ ሠንጠረዥ የደብረ ብርሃን ሥላሴን «ሥ» ወደ «ስ» ይለውጣል። ይህ ማዛወር ሳይሆን ማሻሻል ነው፤ የሚሻሻል ነገር ካለም ራሱን በቻለ ውሳኔ ኋላ ይሁን።

ረ) በመጨረሻ አሮጌውና አዲሱ ይናበቡ። የላቲን ጽሑፍ የመሰለው ኮምፒዩተር በዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ትንሹን ፊደል ወደ ትልቅ ስለሚለውጥ፣ በአሮጌዎቹ ሰነዶች ላይ አንዱ የግዕዝ ፊደል በሌላው ተተክቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ይህን ዓይነቱን ስሕተት የሚይዘው የሰው ንባብ እንጂ ሠንጠረዥ አይደለም።

5. ስለ ስያሜዎቹ

እንግዲህ ሁለቱ ችግሮች ተለይተዋል። ፕሮግራሙ ከአዲሱ ሥርዓት ጋር አብሮ መሥራት አለመቻሉ አንድ ነው፤ በአንዱ ሥርዓት የተጻፈው በሌላው አለመነበቡ ሌላ ነው። ፕሮግራም ሊሞት ይችላል፤ ጽሑፍ ግን አብሮት መሞት የለበትም። ሁለቱ በአንድ ስም ሲጠሩ፣ ፕሮግራሙ ሲሞት ጽሑፉም እንደ ሞተ ይታሰባል።

ለመጀመሪያው ችግር «ተስማሚነት» የሚለውን እንመርጣለን፤ ልብስ ለሰውነት፣ ዘር ለመሬት፣ አየር ለጤና ተስማሚ ነው እንደሚባል፣ ፕሮግራምም ለሥርዓቱ ተስማሚ ነው ቢባል ሁሉም ይረዳዋል። «ተኳኋኝነት» በእጅ ስልክ ላይ ጭምር የሚታይ፣ አመሠራረቱም ትክክል የሆነ ቃል ነው፤ ነገር ግን ለአንደበት ይከብዳል። «ኳ» እና «ኋ»ም አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች እጅግ ከሚቸገሩባቸው ዲቃሎች መካከል ናቸው፤ የችግሩ ስም ራሱ ለችግሩ ሰለባ እንዲሆን አንሻም።

ለሁለተኛው «ተናባቢነት» ይገባዋል። ቃሉ በሰዋስው የተናበቡ ስሞችን ለመጥራት የሚያገለግል ቢሆንም፣ መስኩ የተለያየ ስለ ሆነ ግራ መጋባትን አያመጣም። ከዚህም በላይ ለጎንደር ሊቃውንት ማናበብ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የተገለበጠ መጽሐፍ አንዱ ሲያነብ ሌላው እየተከታተለ ከእናት ቅጂው ጋር ይናበባል። ዛሬ ከአንዱ ሥርዓተ ክወና ወደ ሌላው የምናደርገው ዝውውር ያው መገልበጥ ነው፤ መታመኛውም ያው ማናበብ ነው።

በፒያሳው ሱቅ «ቫይረስ በልቶታል» በማለት ፈንታ «ጽሑፉ ከዚህ ኮምፒዩተር ጋር አልተናበበም» ቢባል ደንበኛው ሰነዱን አይሰርዝም፤ የሚያናብብለት ሰው ይፈልጋል እንጂ። የተሻለ ስያሜ ያላቸው፣ ወይም በአሮጌ ፕሮግራም የተጻፈ የቃላት ዝርዝር በእጃቸው የሚገኝ አንባብያን ቢጽፉልን ደስ ይለናል። ዝርዝሩንም ከመላካቸው በፊት «ላጽዳው» ሳይሉ እንዳለ ያቈዩልን ዘንድ እንጠይቃለን።