ትንሽ ወፍጮና ትልቅ ሕግ፦ የካርቱምን ዱቄት ማን ይፈትሽ?

የሱዳን ጦርነት እአአ በሚያዝያ 2023 ከመቀስቀሱ በፊት፣ የካርቱም ዳቦ የሚጋገርበት ዱቄት አብዛኛው የሚወጣው ከጥቂት ግዙፍ ፋብሪካዎች ነበር። ሳይጋ፣ ሲን እና ዊታ የተባሉት ድርጅቶች በብዛት ከውጭ የሚገባውን ስንዴ እየፈጩ ለዳቦ ቤቶች ያቀርቡ ነበር።

ለተቆጣጣሪ ይህ ምቹ አሠራር ነው። የሱዳን የደረጃዎችና የሥነ ልክ ድርጅት የሚሊዮኖችን ዱቄት ለመመርመር ጥቂት በሮችን ማንኳኳት ይበቃው ነበር።

ጦርነቱ ይህን ሥርዓት አፈረሰው። ከጥቁር ዓባይ ማዶ በምትገኘው ባህሪ (ሰሜን ካርቱም) ያለው የኢንዱስትሪ ቀጠና የጦር አውድማ ሆነ። ፋብሪካዎች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ፣ ማምረት አቆሙ። ዳቦ ሲጠፋ ለብዙዎች የቀረው ማሽላ ነበር፤ ሱዳናውያን ዱራ ይሉታል። ለኪስራና ለአሲዳ የሚሆነው ዱራ የሚፈጨው ደግሞ በየሰፈሩ ባሉ፣ “ጣሁና” በሚባሉ ትንንሽ ወፍጮ ቤቶች ነው። የአስቸኳይ ጊዜ ምላሽ ክፍሎች በሚል ስም የተደራጁ በጎ ፈቃደኞች ያቋቋሟቸው የጋራ ማዕድ ቤቶችም ያገኙትን እህል እያስፈጩ የተራበውን ሕዝብ አብልተዋል።

የአገሪቱ ጦር ከተማዋን እአአ በመጋቢት 2025 መልሶ ከያዘ በኋላ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ወደ ቀያቸው ተመልሰዋል። በፋብሪካ ልክ የተሰፋው የምግብ ደኅንነት ደንብ በየሰፈሩ ለተበተኑት ወፍጮዎች ይሆናል ወይ የሚለው ጥያቄም አብሮ ይነሣል።

ለዓይን ንጹሕ የሚመስል ድንጋይ

ተመሳሳይ ጥያቄ በሌላ መልኩ የጥንት የውሃ ወፍጮዎችን ሲያከራክር ቆይቷል። ካርቱም ሁለት ታላላቅ ወንዞች ቢገናኙባትም የውሃ ወፍጮ አልተለመደባትም። ምድሯ ዝርግ ሜዳ ነው፤ ጥቁር ዓባይም በነሐሴ ሞልቶ፣ በሚያዝያ ይመናመናል። በዓባይ ዳር በበሬ የሚዞረው ሳቂያ ውሃ ወደ እርሻ ያወጣ ነበር እንጂ እህል አይፈጭም። መፍጨቱ የተጣለው በሴቶች ክንድ ላይ ነበር፤ “ሙርሃካ” የሚባለው የሱዳን ድንጋይ ለኢትዮጵያው ወፍጮና መጅ የቅርብ ዘመድ ነው።

በትግራይና በሌሎች የኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች ግን ተዳፋቱ ለውሃ ወፍጮ ይመቻል። በቦይ የተጠለፈ ውሃ አግድም የተኛውን መንኮራኩር ሲመታ፣ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ድንጋይ ይዞራል። ናፍጣም ሆነ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም። የሞተር ወፍጮ በመጣ ጊዜ ብዙዎቹ ተትተዋል።

በውሃ የተፈጨ ዱቄት “የተፈጥሮ” ነውና ምንም አደጋ የለበትም የሚለው እምነት ግን በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እአአ) በዌስት ባንክ መንደሮች የሚኖሩ ሰዎች በከባድ የሆድ ቁርጠትና በደም ማነስ ታመው ሐኪም ቤት ደረሱ። በደማቸው የተገኘው እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ነበር። ምንጩ ሲፈለግ የመንደሮቹ የድንጋይ ወፍጮዎች ላይ ተደረሰ። የብረት ማያያዣው ከድንጋዩ ጋር የተጣበቀው በቀለጠ እርሳስ ስለነበር፣ ወፍጮው በዞረ ቁጥር እርሳሱ እየተፋቀ ከዱቄቱ ጋር ይደባለቅ ነበር። የዱቄቱ መልክም ጣዕምም ስላልተለወጠ ቤተሰብ በሙሉ ሳያውቀው በልቷል።

ይህን አደጋ ለመከላከል ውድ ቤተ ሙከራ አያስፈልግም፤ ድንጋዩ በምን እንደታሰረ መጠየቅ ይበቃል። ወፍጮው በተወቀረ ማግስት የሚወጣው የመጀመሪያ ዱቄት የድንጋይ ብናኝ ስለሚኖርበት መጣል እንዳለበትም ልማደኛ ፈጪዎች ያውቁታል።

መርዙ ከወፍጮው በፊት ሲገባ

ይሁን እንጂ በምሥራቅ አፍሪካ በእህል ሳቢያ ብዙ ሕይወት የጠፋው በድንጋይ ምክንያት አይደለም። እአአ በ2004 በኬንያ ምሥራቃዊና ማዕከላዊ አካባቢዎች 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞቱ። ገዳዩ አፍላቶክሲን ነበር፤ ሳይደርቅ በተከማቸ በቆሎ ላይ የበቀለ ሻጋታ የሚያመነጨው፣ ጉበትን የሚያጠቃ መርዝ። በተለመደው ማብሰልና መጋገር አይጠፋም። መፍጨት ደግሞ የሻገተችውን ፍሬ ከዓይን ይሰውራታል፤ ከጤነኛው እህል ጋር ከተደባለቀች በኋላ ለቅሞ ማውጣት አይቻልም።

ሱዳን ማሽላዋን “መትሙራ” በሚባል ጉድጓድ ውስጥ የማኖር የቆየ ልማድ አላት፤ የሐረርጌ ገበሬም ይህን ዘዴ ያውቀዋል። ጉድጓዱ ደረቅ ሆኖ በደንብ ከተደፈነ እህልን ለረጅም ጊዜ ይጠብቃል። እርጥበት ከገባው ግን ሻጋታ ይፈለፈልበታል። በጦርነት ከቦታ ቦታ የተንከራተተ፣ ዝናብ የመታው ጆንያም ከዚህ ስጋት አያመልጥም።

ሌላው ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ዱቄት ጥሬ ምግብ መሆኑ ነው። እአአ በ2016 በአሜሪካ 24 ግዛቶች 63 ሰዎች በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ በተበከለ ዱቄት ታመዋል። በካርቱም ደግሞ በግንቦት 2025 የድሮን ጥቃት የኃይል ማመንጫዎችን ሲመታ የውሃ ማከፋፈያዎች ቆመው፣ በአንድ ሳምንት ብቻ ከ2,700 በላይ የኮሌራ ሕሙማንና 172 ሟቾች በአገሪቱ ተመዝግበዋል፤ አብዛኞቹ በካርቱም ግዛት ነበሩ። ኮሌራው በዱቄት ተሰራጨ ማለት አይደለም። እጅ መታጠቢያ ውሃ የሌለው ወፍጮ ቤት ግን ምን ዓይነት ደንብ ቢወጣለት ሊያከብረው አይችልም።

500 ቶን

እንግሊዝ ለጥንታዊ ወፍጮዎቿ ያገኘችው መላ እዚህ ላይ ይጠቅማል። እአአ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ዱቄትን ከሱቅ መደርደሪያ ባጠፋ ጊዜ፣ በዶርሴት የሚገኘውና የ1 ሺህ ዓመት ታሪክ ያለው የስተርሚንስተር ኒውተን የውሃ ወፍጮ ከጎብኚ ማሳያነት ወጥቶ ለሱቆችና ለጋጋሪዎች ዱቄት አቅርቧል።

አገሪቱ ሕፃናትን ከአከርካሪና ከአንጎል አፈጣጠር ጉድለት ለመጠበቅ ፎሊክ አሲድ በነጭ ዱቄት ላይ እንዲጨመር በ2024 ስትደነግግ፣ በዓመት ከ500 ቶን በታች የሚፈጩትን ከግዴታው ነፃ አድርጋለች። ንጥረ ነገሩን በትክክል መጥኖ የሚቀላቅል መሣሪያ ለትንሽ ወፍጮ ከአቅም በላይ ነው። ነፃ የተደረጉት ግን ከመጨመር እንጂ ከንጽሕና አይደለም፤ መመዝገብ፣ እህላቸው ከየት እንደመጣ ማወቅና የአደጋ ምንጮችን መቆጣጠር አሁንም ይጠበቅባቸዋል።

ኢትዮጵያም በ2022 የስንዴ ዱቄት በንጥረ ነገር እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ አጽድቃለች። በዚህ አካባቢ ግን የቶን መጠን ብቻውን ጥሩ መለኪያ አይሆንም። የራሱን እህል ለቅሞና አበጥሮ የሚያስፈጭ ሰው የሚበላውን ያውቃል፤ ፈጪው ኃላፊነቱ የወፍጮው ንጽሕና ነው። ዱቄት ፈጭቶ የሚሸጥ ነጋዴ ወይም ባልትና ቤት ግን ለእህሉም ጭምር መጠየቅ አለበት። በአዲስ አበባ ከጤፍ ዱቄት ጋር ጀሶ የቀላቀሉ ሰዎች ተያዙ የሚለው ዜና ከአንድ ጊዜ በላይ የተሰማው እህሉን ገዢው በማያይበት ንግድ ነው።

ካርቱም ውስጥ የቤተ ሙከራ አቅም እስኪመለስ ድረስ ብዙ ሊሠራ የሚችለው በጆንያው አፍ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ማሽላ እርጥበቱ ወደ 13 በመቶ ዝቅ ማለት ይኖርበታል። በባትሪ የሚሠራ የእርጥበት መለኪያ ከሌለ፣ ጥቂት እህልና በደንብ የደረቀ ጨው በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ተጨምሮ ይናጣል፤ ከደቂቃዎች በኋላ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት ይዟልና ተመልሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል።