የዓሣ ኩሬ አልጌን የሚመገቡ እንስሳት አመራረጥ

የዓሣ ኩሬ ውኃ ወደ ጥቁር አረንጓዴነት ሲለወጥ ብዙ አልሚዎች በቅድሚያ የሚያነሱት ጥያቄ «ይህን አልጌ የሚበላ ምን እናስገባ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከመልሱ በፊት ግን ሁለት ጉዳዮች ሊታወቁ ይገባል። አንደኛው አልጌው የበዛበት ምክንያት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለጽዳት የሚገባው እንስሳ ምን ይዞ እንደሚመጣና ከኩሬው ቢወጣ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ነው። ይህ ማብራሪያ ለአነስተኛ ኩሬ ባለቤቶች፣ በማኅበር ተደራጅተው በዓሣ እርባታ ለተሰማሩ ወጣቶች እና ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች የተዘጋጀ ነው።

አልጌ በል እንስሳትን ለጽዳት ማሰማራት በብዙ አገሮች የተለመደ አሠራር ነው። የባሕር ዓሣንና ኮራልን በመስታወት ገንዳ የሚያረቡ ሰዎች ቀንድ አውጣዎችን፣ ትንንሽ ሸርጣኖችን እና አልጌ የሚግጡ ዓሣዎችን እንደ አልጌው ዓይነት መርጠው ያስገባሉ። አንዱ በመስታወቱ ላይ የተለጠፈውን ስስ ሽፋን ይልሳል፤ ሌላው በድንጋይ ላይ የበቀለውን እንደ ፀጉር የረዘመ አልጌ ይግጣል። ከዚህ ልምድ የሚገኘው ትምህርት ሁሉንም ዓይነት አልጌ የሚያጸዳ አንድ እንስሳ አለመኖሩ ነው። ሆኖም የመስታወት ገንዳ በአራት ግድግዳ የታጠረ ሲሆን የእኛ ኩሬ በመግቢያና በመውጫ ቦይ፣ በክረምትም በጎርፍ አማካኝነት ከወንዝና ከሐይቅ ጋር ይገናኛል። በመሆኑም ኩሬ ውስጥ የተጨመረ እንስሳ እዚያው ይቀራል ብሎ መተማመን አይቻልም።

አልጌ መቼ ይጠቅማል፣ መቼስ ይጎዳል?

አልጌ (ዋቅላሚ) በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ሲያዘጋጅ ኦክስጅን ወደ ውኃው ይለቅቃል፤ ለዓሣም የተፈጥሮ ምግብ ይሆናል። ስለዚህ ቀለል ያለ አረንጓዴ መልክ ያለው ኩሬ ጤናማ ኩሬ ነው። ጉዳቱ የሚጀምረው መጠኑ ከልክ ሲያልፍ ነው። ሌሊት ብርሃን ስለማይኖር አልጌው ራሱ እንደ ዓሣው ኦክስጅን ይጠቀማል። በውኃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን እጅግ የሚያንሰውም ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ንጋት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ዓሣዎች ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አፋቸውን ደጋግመው ሲከፍቱ ከታዩ የአየር እጥረት መኖሩን ያመለክታል። ለተከታታይ ቀናት ደመና ሲሆን፣ ወይም የበዛው አልጌ በአንድ ጊዜ ሞቶ ሲበሰብስ፣ የኩሬው ዓሣ በአንድ ሌሊት ሊያልቅ ይችላል።

መጠኑን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ነጭ ሳህን ወይም ነጭ ቀለም የተቀባ ክብ ቆርቆሮ በሳንቲ ሜትር ምልክት በተደረገበት ዘንግ ጫፍ ላይ በማሰር ቀስ እያሉ ወደ ውኃው ማስገባት በቂ ነው። ሳህኑ ከ25 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ባለው ጥልቀት ውስጥ ከእይታ ከተሰወረ የአልጌው መጠን ተስማሚ ነው። ከ20 ሳንቲ ሜትር በፊት ከተሰወረ ግን አልጌው በዝቷል ማለት ነው። ልኬታው የሚሠራው ውኃው አረንጓዴ ሲሆን ብቻ ነው። ውኃው ቡናማ ከሆነ ሳህኑን የጋረደው ጭቃ እንጂ አልጌ አይደለም።

ከእንስሳው በፊት መንስኤው

አልጌን የሚያፋፉት በዋናነት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ናቸው። እነዚህም ወደ ኩሬው የሚገቡት ሳይበላ ከቀረ መኖ፣ ከልክ በላይ ከተጨመረ ፍግ ወይም ማዳበሪያ እና ከእርሻ ማሳ ታጥቦ ከሚመጣ ጎርፍ ነው። አልጌ በል ዓሣ አልጌውን ይበላል እንጂ መንስኤውን አያጠፋም፤ ከበላው ውስጥ ብዙውን ክፍል በኩስ መልክ መልሶ ወደ ውኃው ይጥለዋል። ስለሆነም ውኃው ከልክ በላይ አረንጓዴ ሲሆን የመጀመሪያው እርምጃ ፍግና ማዳበሪያ መጨመርን ማቆም፣ መኖን መቀነስ፣ የጎርፍ መከላከያ ቦይ መቅደድ እና በተቻለ መጠን ከውኃው ከፊሉን በንጹሕ ውኃ መተካት ነው።

የትኛው ዓሣ ምን ይመገባል?

ቆሮሶ በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጫሞ ሐይቆች በተፈጥሮ የሚገኝ ዓሣ ሲሆን በውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን አልጌዎችን ለመቆጣጠር ተመራጭ ነው። ጫጩት ሳለ ጥቃቅን የውኃ እንስሳትንና ነፍሳትን ይመገባል፤ ሲያድግ ግን ዋና ምግቡ አልጌ ይሆናል። የጨጓራው አሲድ እጅግ ጠንካራ በመሆኑ ብዙ ዓሣዎች ሊፈጩት የማይችሉትን ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ጭምር ይፈጫል። ለአነስተኛ ኩሬ በካሬ ሜትር 2 ጫጩት ማስገባት የተለመደ ነው። በዚህ ስሌት 200 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ኩሬ 400 ያህል ጫጩት ይይዛል። ቆሮሶ በሞቃት ውኃ የሚስማማ ዓሣ ስለሆነ የውኃው ሙቀት ከ20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ አመጋገቡም እድገቱም ይቀንሳል። በደጋማ አካባቢ ከእርሱ ብዙ መጠበቅ የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው።

አምባዛ አልጌን ለማጽዳት አይገባም፤ ሌሎች ዓሣዎችንና የተለያዩ እንስሳትን የሚመገብ ነው። ሆኖም ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ገና በለጋ ዕድሜው ስለሚራባ ኩሬው በትንንሽ ዓሣዎች ይጨናነቃል። ከቆሮሶዎቹ ያነሱ ጥቂት አምባዛዎች ዘግይተው ቢገቡ የተትረፈረፉትን ጫጩቶች በመብላት ሚዛኑን ይጠብቃሉ።

ተራው ካርፕ ከውጭ አገር የገባ ዓሣ ሲሆን ቀዝቃዛ ውኃን ከቆሮሶ በተሻለ ይቋቋማል። ይሁን እንጂ ምግቡን የሚፈልገው የኩሬውን ወለል እየቆፈረ ነው። በዚህም ጭቃውን ያደፈርሳል፤ በጭቃው ውስጥ የተቀበረውንም ፎስፈረስ ወደ ውኃው ይመልሳል። ለምግብነት ሊረባ ይችላል፤ ውኃ ለማጥራት ግን አይመረጥም።

ግራስ ካርፕ የሚመገበው ትልልቅ የውኃ ውስጥ ተክሎችን እንጂ ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርጉትን ጥቃቅን አልጌዎች አይደለም። ተክሎቹን በልቶ የሚጥለው ኩስ እንዲያውም ለአልጌው ማዳበሪያ ይሆናል።

በድንጋይ ላይ የተለጠፈ አልጌ የሚግጡ አገር በቀል ዓሣዎችም አሉን። በወንዞቻችን የሚኖሩት የጋራ ወገን ትንንሽ ዓሣዎችና በጣና የሚገኘው ቤሶ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። እነዚህ ዓሣዎች በተፈጥሮ መኖሪያቸው ይህን ሥራ ያለ ክፍያ ያከናውናሉ። ስለሆነም ከወንዝ እየተያዙ ወደ ሌላ ተፋሰስ እንዲጓጓዙ አይመከርም።

ቀንድ አውጣን ወደ ኩሬ ማስገባት አይፈቀድም

በመስታወት ገንዳ ቀንድ አውጣ ዋነኛው የጽዳት ረዳት ነው። በአገራችን ኩሬዎች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባዮምፋላሪያ የሚባሉት የጣፋጭ ውኃ ቀንድ አውጣዎች የአንጀት ብልሃርዝያን የሚያስከትለው ጥገኛ ትል የሚያድግባቸው ናቸው። በበሽታው የተያዘ ሰው በውኃ አጠገብ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላሎች ወደ ውኃው ይገባሉ፤ የተፈለፈለው እጭ በቀንድ አውጣው ውስጥ ይራባል፤ ከዚያም ወጥቶ በውኃው ውስጥ የቆመን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። በኩሬ ዳር የሚጫወቱ ሕፃናትና መረብ የሚጎትቱ ወጣቶች ቀዳሚ ተጋላጮች ይሆናሉ። አልጌን ለመቀነስ ሲባል ቀንድ አውጣ መጨመር በውኃው መልክ ምትክ የቤተሰብን ጤና መስጠት ነው።

ቀንድ አውጣ በኩሬው ውስጥ ከታየ በዳር የበቀለውን ሣርና የውኃ ተክል ማጨድ፣ ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ኩሬውን አፍስሶ ማድረቅ፣ መጸዳጃ ቤትን ከኩሬው አርቆ መሥራት እንዲሁም ወደ ውኃ ሲገባ ቦት ጫማና ጓንት ማድረግ ያስፈልጋል። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ባደረጉት ምልከታ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ማረጋገጣቸው ይታወቃል። ነገር ግን እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ዓሣ ባለበት ኩሬ ውስጥ መጨመር የለበትም። የብርብራ ፍሬም እንዲሁ ዓሣን ይገድላል።

የውጭ ዝርያ ያለፈቃድ አይገባም

ሲልቨር ካርፕ ጥቃቅን አልጌን አጣርቶ በመመገብ የታወቀ የእስያ ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለኩሬና ለፍሳሽ ማጣሪያ ጽዳት ሲባል ወደ አሜሪካ ተወሰደ። ከኩሬዎች አምልጦ ወደ ሚሲሲፒ ወንዝና ገባሮቹ ከገባ በኋላ የአገሬው ዓሣዎች የሚመገቡትን ተሻማ፤ እስከ ዛሬም ሊያስወግዱት አልቻሉም። የእኛ የውኃ አካላት ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት የበለጠ ስስ ናቸው። ጣና በዓለም ላይ በሌላ ቦታ የማይገኙ በርካታ የባርበስ ዝርያዎች መኖሪያ ነው። አንድ ጊዜ ከጠፉ ከየትም ማምጣት አይቻልም። የአገራችን የዓሣ ሀብት የሚመራው በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 መሆኑን በማስታወስ፣ ማንኛውንም ሕያው ዓሣ ከውጭ ከማስገባት ወይም ከአንድ የውኃ አካል ወደ ሌላ ከማዛወር በፊት የሚመለከተውን አካል ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እንስሳ የማይፈታው ችግር

በውኃው ገጽ ላይ የፈሰሰ አረንጓዴ ቀለም የሚመስል ወፍራም ሽፋን ከታየ ማይክሮሲስቲስን የመሰለ መርዛማ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ሊሆን ይችላል። በቆቃ የውኃ ማጠራቀሚያ ይህ ዓይነቱ አልጌ በብዛት እንደሚከሰት በጥናት ተረጋግጧል። በዚህ ጊዜ ቆሮሶ በመጨመር መፍትሔ መፈለግ አይገባም። ሰውም ከብትም ከውኃው እንዳይጠጣ መከልከል፣ ከዓሣውም የሆድ ዕቃንና ጉበትን አለመመገብ እንዲሁም ለወረዳው ግብርናና ጤና ጽሕፈት ቤቶች ወዲያውኑ ማሳወቅ ተገቢ ነው።

ከመወሰን በፊት

አልሚዎች አልጌ በል ዓሣ ከማስገባታቸው በፊት የሚከተሉትን በቅደም ተከተል እንዲፈጽሙ ይመከራል፦

1. ውኃውን በነጭ ሳህን መለካትና በእርግጥ አልጌ መብዛቱን ማረጋገጥ።
2. ፍግና ማዳበሪያ መጨመርን ማቆም፣ መኖን መቀነስ እና ለውጡን ለሁለት ሳምንታት ያህል መከታተል።
3. የአልጌውን ዓይነት መለየት፤ ተንሳፋፊ ከሆነ ቆሮሶን መምረጥ፣ በዳር የበቀለ ተክል ከሆነ በእጅ ማጨድ።
4. በመግቢያና በመውጫ ቦይ ላይ ጫጩት የማያሳልፍ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት መግጠም።
5. ጫጩትን ከታወቀ የማራቢያ ማዕከል ብቻ መውሰድ፤ የመጣበትም ውኃ ከቀንድ አውጣ ነጻ መሆኑን መመርመር።

ከምርት በኋላ የተረፈን ዓሣ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ መልቀቅ እንደ በጎ ሥራ ሊታይ አይገባም፤ ለምግብ መዋል ወይም በሌላ ኩሬ መቀመጥ አለበት። ለጫጩት አቅርቦትና ለሙያ ምክር በየአካባቢው የሚገኘውን የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ወይም በሰበታ የሚገኘውን ብሔራዊ የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል መጠየቅ ይቻላል።