«ማጭድ»፦ የአንድ መሣሪያ ስም ትርጉም፣ ምንጭና አገልግሎት

ማጭድ ቆልማማ የብረት ስለትና አጭር የእንጨት እጀታ ያለው፣ እህልና ሣር የሚታጨድበት መሣሪያ ነው። ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ስለሆነ ስለ ስሙ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። በክፍል ውስጥ ቃሉ ከየት እንደመጣ ስጠይቅ ከተማሪዎቼ በተደጋጋሚ የማገኘው መልስ «ማጨድ ከሚለው አርእስት ድምፁ ተለውጦ የወጣ ነው» የሚል ነው። እኔም በተማሪነቴ ዘመን እንዲሁ አምን ነበር። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ግምት ለምን እንደማያዋጣ ማሳየት ነው።

በአማርኛ አርእስት የሚመሠረተው በ«መ» ስለሆነ (መስበር፣ መውሰድ)፣ ከ«አጨደ» «ማጨድ» ይወጣል። ግምቱን እውነት የሚያስመስለውም ይኸው ነው። ወደ ግዕዝ ስንመለስ ግን ነገሩ ይለያል። ግሡ «ዐፀደ»፣ አርእስቱ «ዐፂድ» ወይም «ዐፂዶት»፣ መሣሪያው ደግሞ «ማዕፀድ» ነው። የግዕዝ አርእስት «መ» የለውም። ስለዚህ በ«ማዕፀድ» ላይ ያለው መነሻ የአርእስት ሳይሆን የመሣሪያ ስም መመሥረቻ ነው። ትግርኛም ይህንኑ ይመሰክራል፤ መሣሪያው «ማዕጺድ»፣ ሥራው «ምዕጻድ» ነውና። ግዕዝ የአማርኛ ወላጅ ነው ወይስ ታላቅ ዘመድ የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አያስፈልገንም፤ በየትኛውም ወገን ብንቆም ስሙ ከአማርኛው አርእስት የተገኘ ሊሆን አይችልም።

የድምፅ ለውጡም ሥርዓት አለው። «ዐ» በአማርኛ ስለጠፋ «ማዕ» «ማ» ሆኗል። «ፀ» እና «ጸ» ብዙውን ጊዜ ወደ «ጠ» ሲለወጡ («ጸሐፈ» - «ጣፈ»)፣ በአንዳንድ ቃላት ወደ «ጨ» ይሄዳሉ፤ «ጼው» «ጨው»፣ «ሐጺር» «አጭር» እንደሆነ ሁሉ።

የቃሉ ዘመዶች ከቀይ ባሕር ማዶም አሉ። ዐረብኛ «ዐደደ» ሲል ቅርንጫፍ መቁረጥን ያመለክታል። በዕብራይስጥ «መዓጻድ» በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 44 የሚገኝ የመሣሪያ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በጌዜር በተገኘው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው መቶ ዓመት እንደተጻፈ በሚገመተው የእርሻ ወራት ጽሑፍ ላይም ይኸው ሥር ለተልባ መሰብሰቢያ ወር ውሏል።

አማርኛ ዛሬ የመሣሪያ ስም የሚመሠርተው በ«መ-...-ያ» ነው፤ መጥረቢያ፣ መቁረጫ፣ ማረሻ። ከ«አጨደ»ም በዚሁ መንገድ «ማጨጃ» ይወጣል። «ማጨጃ» ግን ማንኛውንም የሚታጨድበትን ነገር፣ ቦታና ጊዜ ሲያመለክት፣ «ማጭድ» አንዱን መሣሪያ ብቻ ይጠራል። እንደ «ማጭድ» ያለ «ያ» ከቀሩት ጥንታዊ ስሞች አንዱ «መርፌ» ነው፤ ከግዕዙ «መርፍእ» የመጣ ሲሆን ግሡ «ረፍአ» (ሰፋ) በአማርኛ ስለሌለ ስሙ ያለ ቤተሰብ ቀርቷል። «ማጭድ» ግን አጨዳን፣ አጫጅንና ታጨደን ይዞ ይኖራል።

በአገልግሎቱም ቃሉ ከእርሻ አልፏል። «የዘራውን አጨደ» ስንል ስለ ሰው ሥራና ዋጋ እንናገራለን፤ ወረርሽኝም ሰውን «ያጭዳል»። በኢሳይያስ ምዕራፍ 2 በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጦር ወደ ማጭድ ሲቀየር ማጭድ የሰላም ምልክት ነው። ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም. በነበረው የደርግ ዘመን ደግሞ ከመዶሻ ጋር ተጣምሮ የገበሬው መደብ ዓርማ ሆነ። ያን ዘመን የሚገልጽ ልቦለድ የሚያነብ ተማሪ ከሁለቱ ትርጉሞች የትኛው እንደታሰበ መለየት ይኖርበታል።

በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳዎች ኮምባይነር የማጭድን ሥራ ከወሰደ ቆይቷል። መሣሪያው ከእጅ ሲወጣ ስሙን የሚያቆየው ጽሑፍ ነው። ስለሆነም ተማሪዎቻችን ወደየአገራቸው ሲመለሱ ከአጫጆች አፍ የሚሰሙትን ቃል ሁሉ ከነአነጋገሩ እንዲመዘግቡ አደራ እላለሁ።