ያውቁ ኖሯል? ከጂዛን ድንበር እስከ ማይክሮስኮፕ፦ ኮሌራን የሚገድለው ቫይረስ

(ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

ያውቁ ኖሯል? የ2016 እና የ2017ቱ የየመን ኮሌራ ከየት እንደመጣ ለማወቅ የፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩትና የእንግሊዙ ሳንገር ኢንስቲትዩት ከመረመሯቸው ናሙናዎች መካከል ጥቂቶቹ የተወሰዱት በሳዑዲና በየመን ድንበር ላይ ከነበረ ጊዜያዊ የስደተኞች ማዕከል ነው። ውጤቱ በ2019 ታተመ። የባክቴሪያው ዘር ከደቡብ እስያ ተነሥቶ ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ወረርሽኝ አስነሥቷል፤ የመን የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሰምቶ ጣቱን ወደ ስደተኛ የሚቀስር ሰው ይሳሳታል። ስደተኛው ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ነው። በዚያው በ2019 ጸደይ በአደንና በላህጅ የተያዙ በሺዎች የሚቆጠሩ ስደተኞች፣ አብዛኞቹ የእኛው ወገኖች፣ ስታዲየምና ካምፕ ውስጥ ታጉረው ሳለ አጣዳፊ ተቅማጥ ገባባቸው። የሞቱም ነበሩ። ከጅቡቲዋ ኦቦክ በጀልባ ተሻግሮ፣ በየመኗ ሰዓዳ በኩል ወደ ሳዑዲዋ ጂዛን ለመግባት ይጓዝ ለነበረ ሰው መንገዱ እዚያ ላይ ተቆረጠ።

የቀይ ባሕር ሰው ለዚህ ባክቴሪያ አዲስ አይደለም። ዛሬ ዓለምን የያዘው ዝርያ «ኤል ቶር» የሚባለው በሲና በረሃ በቀይ ባሕር ዳር ባለ የማቆያ ጣቢያ ስም ነው። በ1905 ጀርመናዊው ጎትሽሊሽ ባክቴሪያውን ያገኘው እዚያ፣ ከመካ በሚመለሱ ሐጃጆች ላይ ነበር።

ያውቁ ኖሯል? ኮሌራን ገዳይ ያደረገው መርዝ መጀመሪያውኑ የባክቴሪያው አልነበረም። መርዙን የሚሠራው ዘረመል የመጣው ባክቴሪያው ውስጥ ገብቶ ከሚቀመጥ ክር መሳይ ቫይረስ ነው። ይህን በ1996 ያረጋገጡት ተመራማሪዎቹ ዋልዶርና መካላኖስ ናቸው። ቫይረሱ ያልገባበት የኮሌራ ባክቴሪያ ያን ሰውነት የሚያደርቅ ተቅማጥ ማስከተል አይችልም።

በሌላ በኩል ይህንኑ ባክቴሪያ የሚገድሉ ቫይረሶች አሉ። ባክቴሪዮፋጅ ይባላሉ፤ በአጭሩ ፋጅ።

የጂዛን ሰው «ቫይረስ» ሲባል የሚያስታውሰው መስከረም 2000ን ነው። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ከአፍሪካ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው ያን ጊዜ፣ ጂዛን ውስጥና በየመኑ ቲሃማ ነበር። በሳዑዲ በኩል ብቻ ከ880 በላይ ሰዎች ታመው ከ120 በላይ ሞቱ፤ የበግና የፍየሉ ውርጃና እልቂትም ከባድ ነበር። ፋጅ ግን ከዚያ ፍጹም የተለየ ፍጥረት ነው። የሚጣበቀው የሚያውቀው ባክቴሪያ ገላ ላይ ብቻ ስለሆነ የሰውን ህዋስ አያጠቃም።

ያውቁ ኖሯል? ፋጅን መጀመሪያ ያሳየው ማይክሮስኮፕ አይደለም። እንግሊዛዊው ትዎርት በ1915 ያየው ያበቀለው ባክቴሪያ እንደ መስታወት እየጠራ ሲሄድ ነው፤ ፓሪስ ይሠራ የነበረው ዴሬል ደግሞ በ1917 ያየው ባክቴሪያ ባበቀለበት ሳሕን ላይ እንደ እንጀራ ዓይን የፈጠጡ ጥርት ያሉ ቀዳዳዎችን ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ በአንድ ፋጅ ተጀምሮ ባክቴሪያው ያለቀበት ቦታ ነው። ዴሬል በኋላ ግብጽ ውስጥ በማቆያ ጣቢያ ሲሠራ በመርከብ የመጡ አራት የቸነፈር (ፕሌግ) ታማሚዎችን ዕብጠታቸው ውስጥ ፋጅ በመውጋት አከመ፤ በ1925ም አሳተመው። በ1927 ሕንድ ሄዶ ፋጅን በኮሌራ ላይ ሞከረ። አንቲባዮቲክ ገና ገበያ ባልወጣበት ዘመን!

ተራ ማይክሮስኮፕ በብርሃን ስለሚሠራ ከሚሊ ሜትር አምስት ሺኛ ያነሰን ነገር ለይቶ ማሳየት አይችልም። የብዙዎቹ ፋጆች ጭንቅላት ከዚያ ያንሳል። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ በ1931 ጀርመን ውስጥ ተሠራ፤ ከሠሪዎቹ አንዱ ኤርንስት ሩስካ በ1986 ኖቤል ተሸለመበት። በ1940 ፋጅን በዚያ መሣሪያ ፎቶ ካነሡት አንዱ ሐኪም ወንድሙ ሄልሙት ነበር። የአንዱ ወንድም መሣሪያ የሌላውን ጥያቄ መለሰ፤ ከሳይንስ ታሪክ እኔ በጣም ከምወዳቸው ገጾች አንዱ ነው።

በዚህ ማይክሮስኮፕ የሚታየው ነገር ያስደንቃል። ብዙዎቹ ፋጆች ጭንቅላትና ጅራት አላቸው። በአንዳንዶቹ ጅራቱ የባክቴሪያውን ገላ ሲይዝ ይኮማተራል፤ ውስጡ ያለው ቀጭን ቱቦ ግድግዳውን ይበሳል፤ ጭንቅላቱ ውስጥ ተጠቅጥቆ የነበረው ዘረመል በዚያ ይገባል። ባዶ የቀረው ጭንቅላት ለፎቶው የሚጨመረው ማቅለሚያ ስለሚገባበት በፎቶው ላይ መሐሉ ጠቁሮ ይታያል። ስለዚህ ተመራማሪው የትኛው እንደተኮሰ፣ የትኛው ገና እንዳልተኮሰ በዓይኑ ይለያል። ከዚያ በኋላ ባክቴሪያው የቫይረስ ማምረቻ ይሆንና ይፈነዳል።

በ1989 የኖርዌይ ተመራማሪዎች የባሕርና የሐይቅ ውሃ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ቢቆጥሩ ከአንዳንዱ ውሃ በአንዲት ሚሊ ሊትር ውስጥ እስከ 250 ሚሊዮን ቫይረስ አገኙ። አብዛኞቹ ፋጆች ናቸው ተብሎ ይታመናል።

ያውቁ ኖሯል? የኮሌራ ዋና አዳኝ የሆነው ፋጅ «አይሲፒ 1» ይባላል። በባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ ውስጥ በአሥር ዓመት ከተሰበሰበ የኮሌራ ታማሚዎች ሰገራ ደጋግሞ ወጥቷል። ታማሚው ባክቴሪያውንም አዳኙንም አብሮ ተሸክሟል ማለት ነው። ባክቴሪያውም ዝም አላለም። አንዳንዱ «ፕሌ» የተባለ ጥገኛ ዘረመል ይይዛል። አይሲፒ 1 ሲገባ ፕሌ ይነቃና የፋጁን የጭንቅላት ፕሮቲን ነጥቆ ትናንሽ ጭንቅላቶች ያሠራበታል፤ የፋጁ ረጅም ዘረመል እነዚያ ውስጥ ሊገባ አይችልም። በጥልቅ ቅዝቃዜ በሚሠራው አዲሱ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የጭንቅላቶቹ ልዩነት በግልጽ ታይቷል። የተያዘው ባክቴሪያ ይሞታል፤ ግን ከሬሳው አዲስ አይሲፒ 1 አይወጣም፤ ጎረቤቶቹ ይተርፋሉ። ፋጁ ደግሞ መልስ አገኘ። ባክቴሪያዎች ቫይረስ የሚቆራርጡበትን «ክሪስፐር» የተባለ መሣሪያ ራሱ ይዞ ተገኘ፤ በእሱ ፕሌን ይቆርጣል። በቫይረስ ውስጥ የሚሠራ ክሪስፐር የተገኘበት ይህ ግኝት በ2013 ሲታተም ሳይንቲስቱን ሁሉ አስገርሟል።

አሁን ወደ የመን እንመለስ። የወረርሽኙ የመጀመሪያ ባክቴሪያ ለብዙዎቹ የኮሌራ መድኃኒቶች ገና አልተላመደም ነበር። ከ2018 በኋላ ግን ሌላ ዝርያ ገነነ። ብዙ መድኃኒት የሚቋቋምበትን ዘረመል በሙሉ የያዘ አንድ ተዘዋዋሪ የዘረመል ቀለበት አግኝቶ ነበር። ከተቋቋማቸው መካከል ለነፍሰ ጡሮችና ለሕፃናት የሚሰጠው የአዚትሮማይሲን ቤተሰብ ይገኛል። የየመንና የሳንገር ተመራማሪዎች ይህን በ2023 አሳተሙ።

ይህን አምድ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን ቀጣዩ ነው። በ2021 በወጣ ጥናት፣ የኮሌራ ባክቴሪያ የአንቲባዮቲክ መቋቋሚያ ዘረመሎቹን የሚሸከምበት ተንቀሳቃሽ የዘረመል ቁራጭ በዚያው ላይ ፋጅን የሚመክት ጋሻም እንደያዘ ታወቀ። ሁለቱ አብረው ይጓዛሉ። እንግዲህ ያለ አግባብ የሚዋጠው አንቲባዮቲክ የተላመደውን ጀርም ሲያበዛ ነገ መድኃኒት ሊሆን የሚችለውን ፋጅ የሚመክተውንም አብሮ ያበዛል ማለት ነው። ያንዱ መድኃኒት ብክነት የሚቀጥለውንም ይጎዳል።

ሳዑዲ ዓረቢያ አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይሸጥ የሚከለክለውን ደንብ ከ2018 ጀምሮ አጥብቃ ታስከብራለች። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌለው ወገናችን ግን ሆስፒታል መሄድ ይፈራል፤ ከጓደኛው የተረፈ ክኒን ሁለቱን ይውጥና ሲሻለው ሌላውን ለሌላ ያስቀምጣል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ክኒኑ ግን አያድነውም፤ የሚያድነው የተላመደውን ጀርም ነው። አገር ቤትም ያው ነው። ኮሌራ በ2023 ቋራ ውስጥ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ድረስ ገብቶ ነበር፤ የቀረ ክኒን ማስቀመጥ ደግሞ በየቤታችን አለ።

ያውቁ ኖሯል? ግብጽ ሲጎበኝ የታመመ ቶም ፓተርሰን የተባለ አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ሁሉንም መድኃኒት በተቋቋመ ባክቴሪያ ሊሞት ሲል በመጋቢት 2016 ሳንዲያጎ ውስጥ ፋጅ በደም ሥሩ ተሰጥቶት ድኗል። ለኮሌራ ደግሞ በ2017 ሦስት ፋጆች ተቀላቅለው ለአይጥና ለጥንቸል ግልገሎች ከበሽታው እስከ 24 ሰዓት አስቀድሞ ሲሰጡ ተከላክለውላቸዋል። በፋርማሲ የሚገዛ የኮሌራ ፋጅ ግን ዛሬ የለም።

ዛሬ ያለው የታመነው የጨውና የስኳር ውሃ ነው። አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ ከረጢቱ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ቀስ እያሉ ይጠጣል፤ ቢያስመልስም ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይጀመራል። የታመመው ሰው ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቆመ ወይም መነሣት ካቃተው ጂዛን፣ ሰምጣ፣ ሰብያ ወይም አቡ ዓሪሽ የትም ይሁን፣ የሳዑዲ ቀይ ጨረቃ አምቡላንስ ስልክ 997 ነው።