«የብረት ሲሊንደር» የትኛው ብረት ነው?
ስለ ጠላቂ ዋናተኛ የአየር መያዣ ስያሜዎች

አንድ ባዕድ ሙያዊ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ድምፁን መውረስ ብቻ አይበቃም፤ ቃሉ በሙያው ውስጥ የሚለየው ነገር በአማርኛውም ተለይቶ መታየት አለበት። ይህን ለማስረዳት ጠላቂ ዋናተኞች በጀርባቸው የሚያዝሉትን የአየር መያዣ በአብነት ወስደናል። ዕቃው የሚሠራው ከአረብ ብረት ወይም ከአሉሚኒየም ነው። ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው ሰው የሚመራው በትርጉም ጽሑፍ ከሆነ፣ የተርጓሚው ቃል የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

በመጀመሪያ የመያዣውን ስም እንመልከት። በእንግሊዝኛ «ታንክ» የሚለው ቃል ብዙ ዐይነት ማጠራቀሚያዎችን ይጠቀልላል። በአማርኛ ግን ቃሉ ሲጠራ ቀድሞ የሚታሰበው የጦር ተሽከርካሪው ነው፤ የውኃውን ማጠራቀሚያ ሕዝቡ «ታንከር» ይለዋል። በ2011 ዓ.ም. ለጨርቃ ጨርቅና ለአልባሳት ሥራ የተከፈተውን አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክን የመሰለ ስፍራ እናስብ። በዚያ የመኪና መመሪያ የሚተረጉም ሰው ይህ የእንግሊዝኛ ቃል ወለል ላይ ለሚተከል የአየር ማጠራቀሚያ ተሰጥቶ ያገኘዋል። ከከተማው ብዙ ሳይርቅ፣ በ1952 ዓ.ም. በአዋሽ ላይ ከተመረቀው የቆቃ ግድብ ሐይቅ ለሚገባ ጠላቂ መመሪያ ቢተረጉም ደግሞ ያው ቃል የሚታዘለውን ዕቃ ያመለክተዋል። ስለዚህ የፊተኛውን «የታመቀ አየር ማጠራቀሚያ»፣ የኋለኛውን «የጠላቂ አየር ሲሊንደር» ብንል ሁለቱ አይምታቱም።

ሁለተኛው ጥያቄ የማዕድኑ ስም ነው። «ብረት» በአማርኛ ጠባብና ሰፊ ፍች አለው። በጠባቡ አንዱን ማዕድን ብቻ ሲያመለክት፣ በሰፊው ግን የብረታ ብረትን ወገን ሁሉ ያቅፋል። በየቤቱ «ብረት ድስት» የምንለው ዕቃ ብዙ ጊዜ ከአሉሚኒየም የተሠራ መሆኑ ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። እንግዲህ «የብረት ሲሊንደር» የሚለው ሐረግ አንባቢው ሊለይ የፈለገውን አይለይለትም፤ «የአረብ ብረት ሲሊንደር» ሊባል ይገባል።

ሦስተኛውና ዋናው ችግር «ቀላል» እና «ከባድ» በሚሉት ቅጽሎች ላይ ነው። አሉሚኒየም ቀላል ማዕድን መሆኑ እውነት ነው፤ አንድ ሊትር አሉሚኒየም 2.7 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ አንድ ሊትር አረብ ብረት 7.8 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ነገር ግን አሉሚኒየም ከፍተኛ ግፊት እንዲችል ግድግዳው መወፈር ስላለበት፣ ሲሊንደሩ በየብስ ላይ ከአረብ ብረቱ የማይቀል ሆኖ ይገኛል። ልዩነቱ የሚገለጠው በውኃ ውስጥ ነው።

በስሌት እናሳይ። 11 ሊትር የሚይዝና ባዶውን 14 ኪሎ ግራም የሚመዝን የአሉሚኒየም ሲሊንደር ግድግዳው ብቻ 5.2 ሊትር ያህል ስፍራ ይወስዳል። በድምሩ 16.2 ሊትር ውኃ ስለሚገፋ፣ በሐይቅ ውኃ ውስጥ ባዶው ይንሳፈፋል። እኩል የሚመዝንና 12 ሊትር የሚይዝ የአረብ ብረት ሲሊንደር ግን 13.8 ሊትር ብቻ ስለሚገፋ ይሰጥማል። አሉሚኒየሙ በ200 ባር ሲሞላ ከ2.5 ኪሎ ግራም በላይ አየር ስለሚሸከም እርሱም ይሰጥማል፤ አየሩ ሲያልቅ ግን ወደ ላይ ይስባል። ይህን ያላወቀ ጠላቂ በቂ የእርሳስ ክብደት ሳይዝ ይገባና፣ ወደ መውጫው ሲቃረብ፣ ቀስ ብሎ መውጣት በሚገባው ሰዓት፣ ሳይፈልግ ሽቅብ ይወሰዳል። ስለዚህ ተርጓሚው «ቀላል» ብቻ ብሎ ማለፍ የለበትም፤ «በየብስ ክብደት» እና «በውኃ ውስጥ ተንሳፋፊነት» ብሎ ይለይ።

«ዝገት» የሚለውም ቃል ጥንቃቄ ይሻል። እርጥበት የገባበት አረብ ብረት ይዝጋል። «አሉሚኒየም አይዝግም» ማለት ግን ጉዳት አይደርስበትም ማለት አይደለም፤ ጨዋማ ውኃ፣ ከሌላ ማዕድን ጋር መነካካትም ይበላዋል። ለዚህ «መበላት» የሚለውን አጠቃላይ ስያሜ ብንይዝ፣ «ዝገት» ለብረት ወገን ብቻ ይቀራል።

በመጨረሻም ይዘቱን እንመልከት። የጠላቂውን ሲሊንደር «የኦክስጅን» ማለት በብዙ ጽሑፍ የሚታይ ስሕተት ነው። በተለመደው ጥልቀት የሚታዘለው 21 ከመቶ ያህል ኦክስጅን ያለበት ተራ አየር ነው፤ ንጹሕ ኦክስጅን ከ6 ሜትር ገደማ በታች ሲተነፈስ ለሚጥል መንቀጥቀጥ ሊዳርግ ይችላል። «የኦክስጅን ሲሊንደር» ለሆስፒታሉ ትክክለኛ ስም ነው፤ ለሐይቁ ግን አይደለም።

እንግዲህ የምናቀርበው ሐሳብ አጭር ነው፤ ስያሜው መያዣውን፣ የተሠራበትን ማዕድንና ይዘቱን ለየብቻ ይናገር። «የአሉሚኒየም የአየር ሲሊንደር» እና «የአረብ ብረት የአየር ሲሊንደር» ረዘም ቢሉም፣ ጠላቂው ወደ ውኃው ከመግባቱ በፊት ሊያውቅ የሚገባውን ሁሉ ይነግሩታል።